ተኩላው መድረክ ላይ ቢቆምስ?



ብዙ ጊዜ የምንጽፍላችሁ ስለ ቅዱስ ቃሉና ስለ መንፈሳዊ መጻሕፍት ነው። ዛሬ ግን ከተለመደው ወጣ ብለን ስለ አንድ አስፈሪ ልብ ወለድ አሳባችንን ልናካፍላችሁ ወደድን። ይህን ለማድረግ የተነሣነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ልጆቻችን እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን ያነባሉ፣ ፊልማቸውንም ያያሉ፤ እኛ ዝም ብንል ማንበባቸውን አይተዉም፤ የሚያነቡትን ከእኛ ጋር መነጋገሩን ነው የሚተዉት። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ግን በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለው አውሬ ጠንቋይ፣ ወንበዴ ወይም እንግዳ ሰው አለመሆኑ ነው። አውሬው መጋቢ ነው። በየእሁዱ መድረክ ላይ ቆሞ ወንጌል የሚሰብክ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ!

መጽሐፉ የአሜሪካዊው ደራሲ የስቲቨን ኪንግ ሲሆን በእንግሊዝኛ «ሳይክል ኦቭ ዘ ዌርዎልፍ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የተኩላው ሰው ዑደት» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በተወሰነ ቅጂ ታተመ፤ በ1985 ደግሞ ለሰፊው አንባቢ ቀረበ። በዚያው ዓመት «ሲልቨር ቡሌት» በሚል ርእስ ፊልም ሆነ፤ የፊልሙንም ጽሑፍ ያዘጋጀው ራሱ ኪንግ ነው። አጭር መጽሐፍ ነው። ሥራው የተጀመረው እንደ ቀን መቁጠሪያ ተደርጎ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ወር አንድ ሥዕልና አንድ አጭር ታሪክ። ታሪኩ ግን እየሰፋ ሄዶ ዐሥራ ሁለት ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ ወጣው። ሥዕሎቹን የሣለው በርኒ ራይትሰን ነው፤ በአሜሪካ የአስፈሪ ሥዕል ሠዓልያን መካከል ስሙ ከፊት የሚጠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ያረፈ ሰው ነው።

ታሪኩን ሳንነግራችሁ ወደ ቁም ነገሩ መግባት አንችልም፤ ስለዚህ መጽሐፉን ወደፊት ልታነቡ ያሰባችሁ ካላችሁ መጨረሻውን ከእኛ እንደምትሰሙ ከወዲሁ እናስታውቃችኋለን።

ታሪኩ በአጭሩ

በሜይን ግዛት ውስጥ ታርከርስ ሚልስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ደራሲው የፈጠራት ከተማ ናት። በጥር ወር፣ በበረዶ ማዕበል ሌሊት፣ አንድ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ በትንሽ ጎጆው ውስጥ ይገደላል። በየካቲት ብቻዋን የምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ ትገደላለች። ከዚያ በኋላ ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቁጥር ሞት ይመጣል። በሚያዝያ ካይት ሲያበርር አምሽቶ የቀረ ልጅ ተራው ይሆናል። ጨረቃ በእያንዳንዱ በዓል ቀን ሙሉ ልትሆን እንደማትችል ደራሲው ራሱ በመጽሐፉ ውስጥ አምኖ ጽፏል፤ ለታሪኩ ሲል ያደረገው ነው።

በግንቦት ወር ሌስተር ሎው የሚባለው መጋቢ ሕልም ያያል። በሕልሙ ስለ አውሬው በኃይል ይሰብካል፤ እየሰበከም ሳለ ጉባኤው ሁሉ ወደ ተኩላነት ይለወጣል። ከእንቅልፉ ነቅቶ «ሕልም ነው» ብሎ ይጽናናል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ግን የጽዳት ሠራተኛው በመስበኪያው ላይ ተገድሎ ያገኘዋል።

በሐምሌ ወር ማርቲ ኮስሎ የሚባል የዐሥር ዓመት ልጅ ይመጣል። ማርቲ እግሮቹ ስለማይሠሩ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ልጅ ነው። በግድያው ምክንያት ከተማው የነጻነት በዓሉን ርችት ሰርዟል፤ አጎቱ አል ግን ልጁ እንዳያዝን ጥቂት ርችት በስውር ይሰጠዋል። ማርቲ ሌሊት ብቻውን ወጥቶ ርችቱን ሲለኩስ አውሬው ይመጣበታል። ልጁ መሮጥ አይችልም። በእጁ ያለውን ርችት ለኩሶ ፊቱ ላይ ይወረውረዋል፤ የአውሬው ግራ ዓይን ይጠፋል፤ ልጁም ይተርፋል።

ማርቲ ያየውን ለፖሊስ ይናገራል። የከተማው ፖሊስ ላንደር ኒሪ ግን የልጁን ቃል አይቀበልም፤ ልጁ ደንግጦ ነው ይላል። በነሐሴ ወር ኒሪም ይገደላል። በጥቅምት፣ ልጆች ጭምብል አጥልቀው በየቤቱ ከረሜላ በሚለምኑበት የሃሎዊን ምሽት፣ ማርቲ የመጋቢውን ደጅ ሲያንኳኳ በሩን የከፈተለት ሰው ግራ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ ያየዋል። ያን ጊዜ ልጁ አወቀ። መጀመሪያ ላይ ስሙን ሳይጽፍ ለመጋቢው ደብዳቤ ይልካል፤ መጨረሻም አጎቱን ለምኖ የብር ጥይት ያሠራል። በዓመቱ የመጨረሻ ሌሊት አውሬው ወደ ቤቱ ሲመጣ ማርቲ ተኩሶ ይገድለዋል። አውሬው ሲሞት የሚታየው የመጋቢው ሰውነት ነው።

ሁለት ዓይነት ምላሽ

እንዲህ ያለውን ታሪክ የሰማ አማኝ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይላል። አንዳንዱ «የሰይጣን መጽሐፍ ነው፤ ከቤታችሁ አውጡት» ይላል። ሌላው ደግሞ «ዓለም አገልጋዮችን ስለሚጠላ መጋቢን ተኩላ አድርጎ ሣለ» ብሎ ይቆጣል።

የመጀመሪያውን ስጋት አንንቀውም፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን። ሁለተኛውን ግን በጥንቃቄ ልናየው ይገባል። ኪንግ በልጅነቱ በሜይን በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ነው። በሥራዎቹ ውስጥ ጨካኝና አክራሪ ሃይማኖተኞች ብዙ እንዳሉ እውነት ነው። ነገር ግን «ዘ ስታንድ» በተባለው ትልቁ መጽሐፉ ውስጥ ክፋትን የሚቃወሙ ሰዎች ሁሉ የሚሰበሰቡባት ሰው አማኝ የሆነች የ108 ዓመት አሮጊት ናት። ስለዚህ ነገሩን በጥላቻ ብቻ መተርጎም አይበቃም።

ደግሞስ መጋቢን ተኩላ ብሎ የጠራ የመጀመሪያው ሰው ስቲቨን ኪንግ ነውን? ጌታችን ራሱ በተራራው ስብከት የበግ ለምድ ለብሰው ስለሚመጡ ተኩላዎች አስጠንቅቋል (ማቴ. 7፥15)። ሐዋርያው ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሲሰናበት ተኩላዎች ከውጭ እንደሚገቡባቸው ብቻ አልነገራቸውም፤ ከራሳቸው መካከል፣ በፊቱ ከቆሙት ሽማግሌዎች ውስጥ፣ መንጋውን የሚያስቱ እንደሚነሡ ነገራቸው (ሐዋ. 20፥29-30)። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 34 መንጋውን ትተው ራሳቸውን ስለሚያሰማሩ እረኞች ሲጽፍ ቃሉ ከማንኛውም ልብ ወለድ ይልቅ ያስፈራል። ኪንግ ለሥጋዊ ዓይን በሚታይ ሥዕል ያቀረበውን ነገር መጽሐፍ ቅዱስ አስቀድሞ ተናግሮታል። ልዩነቱ እኛ ያንን ክፍል ስናነብ ሁልጊዜ ሌላ ቤተ እምነት ትዝ የሚለን መሆኑ ነው።

ክፋትን የምንፈልግበት ቦታ

ሰው ወደ አውሬ ይለወጣል የሚለው ተረት የአውሮፓ ብቻ አይደለም። በእኛ አገር አውሬው ተኩላ ሳይሆን ጅብ ነው። ቡዳ ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ ስንት ዘመን ተወራ! ወሬውስ በማን ላይ ወደቀ? ሸክላ በምትሠራው እናት፣ ብረት በሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ በሚፍቀው ሰው፣ በቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ላይ። ማረሻችንን የሠራልን፣ ወጥ የምንሠራበትን ድስት የሰጠን ሰው «ዓይኑ ያስፈራል» ተብሎ ከማኅበር ተለየ፤ ልጁም ሚስት አጣ። ጅብ ሆኖ የተያዘ ግን አንድም ሰው የለም።

ሰው ክፋት ሲያስፈራው ጣቱን የሚቀስረው በደካማውና በተለየው ላይ ነው። በታርከርስ ሚልስም ሰዎች ገዳዩን ሲፈልጉ አንዱ እንግዳ ሰው ይሆናል ይላል፤ ሌላው ሌላ ይገምታል። ማንም ያልጠረጠረው ሬሳውን የሚቀብረውን፣ ሐዘንተኛውን የሚያጽናናውን ሰው ነው። መጽሐፉ ትልቅ እውነት የያዘው እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ጠላት ዲያብሎስ ሞኝ አይደለም። መንጋውን ሊበትን ሲፈልግ ሁሉ የሚሸሹትን ሰው አይመርጥም፤ ሁሉ የሚያምኑትን ይመርጣል እንጂ። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ ስለሚያገሣው አንበሳ የጻፈው ለእረኞች ከሰጠው ምክር ጋር በአንድ ምዕራፍ ነው። ሁለቱን ለያይተን ማንበባችን ጉዳት አለው።

ይህ ደግሞ ልብ ወለድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሂውስተን ክሮኒክልና ሳን አንቶኒዮ ኤክስፕረስ ኒውስ የተባሉ ሁለት የቴክሳስ ጋዜጦች በአሜሪካ ትልቁ የፕሮቴስታንት ኅብረት ስለሆነው ስለ ደቡብ ባፕቲስት ኅብረት ባወጡት ምርመራ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ወደ 380 የሚሆኑ አገልጋዮችና በጎ ፈቃደኞች በጾታዊ ጥቃት እንደተከሰሱ፣ ተጎጂዎቹም ከ700 እንደሚበልጡ ጻፉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። በግንቦት 2022 የወጣው የገለልተኛ አካል ምርመራ ደግሞ የኅብረቱ ሥራ አስፈጻሚ ሠራተኞች የተከሳሾችን ስም ዝርዝር ለዓመታት ይዘው ለአብያተ ክርስቲያናት ሳያሳውቁ እንደቆዩ ገለጠ። የኪንግ መጽሐፍ ስለዚህ ኅብረት የተጻፈ አይደለም፤ ከምርመራውም ብዙ ዓመት ቀድሞ ታትሟል። ነገር ግን ያንን ዜና ያነበበ ሰው የሌስተር ሎውን ታሪክ «የማይሆን ነገር» ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

ትምህርተ መለኮት መደበቂያ ሲሆን

በመጽሐፉ ውስጥ እጅግ የሚያስደነግጠን ክፍል ደም የሚፈስበት አይደለም። መጋቢው ማንነቱን ካወቀ በኋላ ለራሱ የሚሰጠው ምክንያት ነው። ሎው መጀመሪያ ላይ ምን እንደሆነ አያውቅም። ወራት ሲያልፉ ግን ያውቃል። ካወቀ በኋላ ወደ ፖሊስ አልሄደም፤ ለሽማግሌዎቹም አልተናገረም። መልካም ሥራውን በአንድ ወገን ቆጠረ፤ ነገሩን ሁሉ ወደ እግዚአብሔር ፈቃድ ገፋው፤ እግዚአብሔር ሊያቆመኝ ከፈለገ ራሱ ያቆመኛል ብሎም ተቀመጠ።

ወገኖች ሆይ፣ ይህ ሰው ትምህርቱ የጎደለው አይደለም። የእግዚአብሔርን ሉዓላዊነት ያውቃል። የተማረውን እውነት ግን ከንስሐ ማምለጫ አደረገው። እኛ በትምህርተ መለኮት ትምህርት ቤት ያለፍን ሰዎች ይህንን ክፍል ቆም ብለን ልናነበው ይገባል፤ ምክንያቱም ብዙ እውቀት ያለው ሰው ብዙ መደበቂያ አለውና። «ጸጋ ይበዛል»፣ «ሁሉ ለበጎ ነው»፣ «አገልግሎቱ እየሠራ ነው፤ ነፍሳት እየዳኑ ነው» የሚሉት ንግግሮች በትክክለኛ ቦታቸው የሕይወት ቃል ናቸው። ኃጢአትን ለመሸፈን ሲነገሩ ግን ቃሉ አልተለወጠም፣ ሥራው ተለውጧል።

ሎው ሲጨንቀው ምን እንዳደረገ ደግሞ ተመልከቱ። በኅዳር ወር ጥርጣሬው ሲከብበው ከተማውን ለቆ ወደ ፖርትላንድ ሄደ። እዚያም ገደለ። አባቶቻችን «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላሉ። በአንድ አጥቢያ ጥፋት የተገኘበት አገልጋይ «ለቤተ ክርስቲያን ክብር ሲባል» በጸጥታ ተሰናብቶ በሌላ ከተማ በጭብጨባ ሲቀበሉት፣ ቁርበቱን ያነጠፍንለት እኛ ነን። የሸኘው ጉባኤ ተገላገለ፤ የተቀበለው ጉባኤ ግን ልጆቹን ይዞ ቀረበ።

ያልተሰማው ልጅ

ማርቲ የሰጠው ምስክርነት ትክክለኛና ጠቃሚ ነበር። አውሬው በግራ ዓይኑ ላይ ተጎድቷል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው በከተማው ውስጥ ግራ ዓይኑን ያጣ ሰው ማን እንደሆነ መጠየቅ ብቻ ነበር። መጋቢው ደግሞ አልተሰወረም፤ ዓይኑን ሸፍኖ በጉባኤው ፊት ይቆማል። የልጁ ቃልና የመጋቢው ዓይን በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነበሩ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ትልቅ ሰው ግን አልነበረም። ልጁ ልጅ ስለሆነ አልታመነም፤ መጋቢው መጋቢ ስለሆነ አልተጠየቀም። በዚህ መካከል ሌሎች ሰዎች ሞቱ።

ይህ ነገር የአንደኛ ሳሙኤልን መጀመሪያ ያስታውሰናል። የዔሊ ልጆች በመገናኛው ድንኳን ደጅ በሚያገለግሉት ሴቶች ላይ የሚያደርጉትን ሕዝቡ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ወሬው ለአባታቸውም ደርሷል (1ሳሙ. 2፥22-24)። ዔሊ ገሠጻቸው፤ ከሥራቸው ግን አላነሣቸውም። እግዚአብሔርም ዝም አላለም። ፍርዱን የገለጠው ግን ለማን ነው? ለካህናት ጉባኤ አልነበረም፤ በቤቱ ለሚተኛ ብላቴና ነበር። ብላቴናው ሳሙኤል ለመናገር ፈራ። ዔሊ ብዙ ድክመት ቢኖርበትም አንድ መልካም ነገር አደረገ፤ ልጁን ጠርቶ ምንም ሳትደብቅ ንገረኝ አለው፤ ሰምቶም አልተቆጣውም (1ሳሙ. 3፥16-18)። በቤተ ክርስቲያናችን ያለ አንድ ልጅ «እገሌ እንዲህ አደረገኝ» ቢል የሚሰማው ምንድን ነው? «ዝም በል፣ የጌታን ባሪያ አትናገር» ነው? ወይስ «ልጄ፣ ምንም ሳትደብቅ ንገረኝ»?

በማርቲ ዙሪያ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አጎቱ አል። እርሱም ሙሉ በሙሉ አላመነም። ነገር ግን ልጁን አልናቀውም፤ የጠየቀውንም አደረገለት፤ በመጨረሻው ሌሊት አጠገቡ ነበር። አንድን ልጅ ለማዳን አንዳንድ ጊዜ ሙሉ እምነት ያለው ሰው ሳይሆን ንቀት የሌለበት አንድ ትልቅ ሰው ይበቃል።

«የተቀባ አይነካም» የሚለው አባባልም እዚህ ላይ መነሣት አለበት። ምንጩ ዳዊት በሳኦል ላይ እጁን አለማንሣቱ ነው። እውነት ነው፤ ዳዊት ሳኦልን አልገደለም። ነገር ግን ሳኦል ጦር ሲወረውርበት ከፊቱ ሸሸ እንጂ ቆሞ አልጠበቀም (1ሳሙ. 19፥10)። በዋሻው ደጅ ደግሞ በሠራዊቱ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የንጉሡን በደል ተናገረ (1ሳሙ. 24፥8-15)። ስለዚህ ዳዊትን መጥቀስ የሚፈልግ ሁሉ ሙሉውን ዳዊት ይጥቀስ። በቀል አለመፈለግ አንድ ነገር ነው፤ ከጦር በታች ዝም ብሎ መቀመጥ ሌላ ነገር ነው።

በወንበር ላይ ያለው ጀግና

ስለ ማርቲ ሌላም መናገር ያለብን ነገር አለ። ልጁ በታሪኩ መጨረሻ ላይ አይነሣም፣ አይራመድም። በተሽከርካሪ ወንበሩ እንዳለ አውሬውን ተዋጋ፤ በተሽከርካሪ ወንበሩ እንዳለም አሸነፈ። ልዩ ኃይልም የለውም። ያለው ነገር ያየውን አለመካዱ ነው።

እኛ ጌታ ዛሬም እንደሚፈውስ እናምናለን፤ እንጸልያለንም። ነገር ግን በብዙ ጉባኤዎቻችን አካል ጉዳተኛ ወንድም ወይም እኅት ሲገባ የምናየው የሚፈወስ ሰው ብቻ ነው። ካልተነሣ ደግሞ «እምነት ጎድሎት ነው» የሚል አይጠፋም። የሚያገለግል፣ የሚያስተውል፣ እኛ ያላየነውን አደጋ የሚያይ ሰው አድርገን የምናየው ስንቶቻችን ነን? ሜምፊቦስቴ እግሮቹ ሽባ እንደሆኑ በንጉሥ ማዕድ ተቀመጠ (2ሳሙ. 9፥13)። ሙሴም አፉ ኮልታፋ እንደሆነ በፈርዖን ፊት ቆመ። እግዚአብሔር ኃይለኛውን ሊያሳፍር ደካማውን እንደሚመርጥ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎላቸዋል (1ቆሮ. 1፥27)። ይህን ስንሰብክ «አሜን» የሚለው ጉባኤ በደረጃው ላይ ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ አልሠራም። መወጣጫ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ማርቲን ደጅ ያስቀረዋል፤ ማርቲ ያየውንም አብሮ ደጅ ያስቀረዋል።

የብር ጥይት የማይደርስበት ቦታ

መጽሐፉን እስከዚህ ካመሰገንን፣ የሚያቆምበትንም ቦታ መናገር አለብን። በኪንግ ታሪክ ውስጥ ለክፋት ያለው መፍትሔ የብር ጥይት ነው። ማርቲ በደብዳቤው መጋቢው ራሱን እንዲያጠፋ ይጠይቀዋል። የዐሥር ዓመት ልጅ ነው፤ የሰማው ትልቅ ሰው የለም፤ አንፈርድበትም። ነገር ግን ወንጌል እንዲህ አይልም። ነቢዩ ናታን ዳዊትን ፊት ለፊት «ያ ሰው አንተ ነህ» ብሎ የነገረው እንዲሞት ሳይሆን እንዲናዘዝ ነው፤ ዳዊትም ተናዘዘ፤ ይቅርታም አገኘ፤ ኃጢአቱ ያመጣውን መዘዝ ግን ከነሙሉ ክብደቱ ተሸከመ (2ሳሙ. 12፥7-14)። ይቅርታና ተጠያቂነት ጠላቶች አይደሉም። ሎው ይቅርታ ቢሻ የሚያገኝበት መንገድ ክፍት ነበር፤ መንገዱ ግን በፖሊስ ጣቢያና በፍርድ ቤት በኩል ያልፍ ነበር።

ሌላም አለ። አውሬው ሲሞት ታሪኩ ያልቃል። በእውነተኛ ሕይወት ግን አንዱ ሰው ተነሥቶ ቢሄድ፣ እርሱን የሸሸገው አሠራር ካልተነሣ ሌላ ይመጣል። ጦርነታችን ከሥጋና ከደም ጋር አለመሆኑን የምናምን ሰዎች ይህ ሊገባን ይገባል። የምንዋጋው አንድን ሰው ለማጥፋት ሳይሆን ጨለማው የሚቀመጥበትን ጥግ ለማብራት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በእኛ አስተያየት የሚከተሉት ነገሮች ለማንኛውም አጥቢያ ከአቅም በላይ አይደሉም። በልጆች አገልግሎት አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን ከልጅ ጋር በተዘጋ በር ውስጥ አይሁን፤ ሁልጊዜ ሁለት ይሁኑ። በልጅ ላይ ጥቃት ተፈጸመ የሚል ክስ ሲመጣ ሽማግሌዎች ጸልየው የሚጨርሱት ጉዳይ አይደለም፤ በሮሜ 13 መሠረት እግዚአብሔር ፍርድን ወደ ሰጠው ወደ ሕግ አካል ይሂድ። ተጎጂውን ከበደለው ሰው ጋር ለብቻው ፊት ለፊት እንዲቆም አናስገድድ፤ ጌታ በማቴዎስ 18 ስለ ወንድም በደል የሰጠውን ሥርዓት፣ በዚያው ምዕራፍ ስለ ታናናሾቹ ካስጠነቀቀው ከባድ ቃል ለይተን አናንብብ። አገልጋይ ከአንድ አጥቢያ ወደ ሌላ ሲሄድ የሚቀበለው ጉባኤ የቀድሞውን ጉባኤ ይጠይቅ፤ የተጠየቀውም እውነቱን ይናገር። መጋቢም ቢሆን ገንዘቡንና ጊዜውን የሚጠይቁት፣ «አይሆንም» ሊሉት የሚችሉ ሽማግሌዎች ይኑሩት። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በሽማግሌ ላይ የሚቀርብ ክስ በምስክሮች ይጽና ሲል ሐሰተኛ ክስን ከልክሏል፤ በሚቀጥለው ቁጥር ግን ኃጢአት የሠሩት በሁሉ ፊት እንዲወቀሱ አዟል (1ጢሞ. 5፥19-20)። የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን መተው አይቻልም። ምስክርም ሲቆጠር የልጅ ቃል ቃል ነው፤ የሐኪም ማስረጃም ማስረጃ ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን ይህን ሁሉ የምናደርገው ከጥፋቱ በኋላ ሳይሆን ዛሬ፣ ሁሉም ሰላም በሚመስልበት ጊዜ ነው።

ታዲያ እናንብበው?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ይህ መጽሐፍ ለልጆች አይሆንም። ጀግናው ልጅ ስለሆነና ሥዕል ስላለው የልጆች መጽሐፍ የሚመስለው ሊኖር ይችላል፤ አይደለም። የራይትሰን ሥዕሎች ጥበብ ያላቸው ናቸው፤ ግን ግድያውን አይሸፍኑም፤ አንዴ ያዩት ሥዕል ደግሞ ከአእምሮ በቀላሉ አይወጣም። ለአዋቂም ቢሆን ሕሊናው የሚከለክለው ሰው አያንብበው፤ ያላነበበው ባነበበው ላይ፣ ያነበበውም ባላነበበው ላይ አይፍረድ። የሮሜ 14 ምክር ለመብልና ለመጠጥ ብቻ የተሰጠ አይደለም። በአስፈሪ ታሪክ ውስጥ ደሙን ወይም ሽብሩን ለመደሰቻ የሚፈልግ ሰው ካለ ደግሞ ልቡን ይመርምር።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይዞ ብታገኙት ከመንጠቃችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ «በዚህ ታሪክ ውስጥ ልጁን ማን አመነው?» በሉት። ከመልሱ ስለ መጽሐፉ ብቻ ሳይሆን ስለ ልጃችሁም ልትሰሙ ትችላላችሁ።

አገልጋዮች የሆንን ደግሞ ይህን ታሪክ ብናነበውም ባናነበውም፣ በመጨረሻው ቀን መንጋውን ከእጃችን የሚጠይቅ ዋና እረኛ አለን። እርሱ በተኩላ ፊት የሸሸ እረኛ አይደለም፤ በጎቹን ለራሱ የሚበላም አይደለም፤ ነፍሱን ስለ በጎቹ የሰጠ ነው። የእኛ እረኝነት የሚለካው በእርሱ ነው። እርሱን እያየን፣ ቤቱ ለትንሹ ልጅ የሚያስፈራ ሳይሆን የሚያስጠልል ቤት እንዲሆን ጌታ በሁላችን ላይ ምሕረቱን ያብዛ።

በየአጥቢያው ላሉ ልጆች፣ አይተው ለመናገር ለፈሩትም፣ ተናግረው ላልተሰሙትም በዚህ ሳምንት በጸሎታችሁ አስቧቸው። ጸልያችሁም ጠይቋቸው።

ጸጋው ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።